ልጆቻችንን ትዕቢተኞች ከማለታችን በፊት፦ ለወላጆች ጉባኤ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ወር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በሚገኘው አጥቢያችን በተደረገው የወላጆች ጉባኤ ላይ አንድ ባለ 4 ገጽ ጽሑፍ ተባዝቶ ለእያንዳንዳችን ታድሏል። ጽሑፉ ከ13 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆቻችን በማኅበራዊ ሚዲያ ምክንያት ከእምነታቸው እየራቁ መሆናቸውን ካተተ በኋላ አምስት ነገሮችን ይደመድማል፤ ይኸውም የጥፋቱ ምንጭ ስልክ በመሆኑ ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሊነጠቁ እንደሚገባ፣ ላይክ የሚቆጥር ልጅ ትዕቢተኛ ስለሆነ ራሱን መናቅ መማር እንዳለበት፣ «የራስ ዋጋ» የሚባለው ነገር ከባዕድ የመጣ ትምህርት መሆኑን፣ የሚተክዝና የሚያዝን ልጅ ጸሎት የጎደለው መሆኑን፣ በመጨረሻም የግድ ስልክ የሚይዝ ልጅ ካለ መንፈሳዊ ገጾችን ብቻ እንዲከታተል ቢደረግ ከአደጋው እንደሚጠበቅ ነው።

እኔ በዚሁ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ልጆች በሚማሩበት በማዕከላውያን ክፍል ለ9 ዓመታት ያስተማርሁ፣ የሁለት ልጆችም እናት ነኝ። ጸሐፊው ወንድማችን ለልጆቻችን የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸውን ስለማውቅ በቅንነታቸው ላይ አንዳች ጥርጥር የለኝም። ምላሽ ለመስጠት ያስገደደኝ ከጉባኤው በኋላ ባሉት ሦስት እሑዶች ያየሁት ነገር ነው። ከክፍሌ አራት ልጆች ቀርተዋል። ሁለቱን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠይቄአቸው ነበር፤ አንደኛው ልጅ አንገቱን ደፍቶ በር ላይ እንደቆመ፣ «እናቴ ወረቀቱን አነበበችልኝ፤ እዚያ ላይ የተጻፈው ስለ እኔ ነው» አለኝ። ልጆችን ለመመለስ የተጻፈ ጽሑፍ ልጅን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያስቀር ከሆነ ነጥብ በነጥብ ሊመረመር ይገባዋል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጸሐፊው ስልኩ ሲነጠቅ ልጁ ይመለሳል ይላሉ። ይህ በሰፊው ተሞክሮ ውጤቱን ሁላችንም ያየነው ነገር ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን ላይ በጳጳሳት ሹመት ምክንያት ያ ከባድ ፈተና በተነሣበት ወቅት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ደረጃ ተዘግተው እስከ ሐምሌ፣ ማለትም ለአምስት ወራት ያህል፣ እንደተዘጉ ቆይተው ነበር። በእነዚያ ወራት በክፍሌ ውስጥ ቪፒኤን፣ ማለትም የተዘጋ ገጽ የሚያስከፍተው መተግበሪያ፣ ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ እንዲያውም ለወላጆቻቸው የሚጭኑላቸው እነርሱ ነበሩ። መንግሥት በአቅሙ ሁሉ ዘግቶት ያልተዘጋውን አንዲት እናት መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ትዘጋዋለች ብሎ ማመን ይከብደኛል። ልጁ በጓደኛው ስልክ ይገባል፤ የሚለየው አሁን ተደብቆ የሚገባ መሆኑ ነው። ተደብቆ ያየው ነገር ያስደነገጠው ቀን ደግሞ ለማን እንደሚናገር ግራ ይገባዋል፤ ቢናገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «በማን ስልክ አየኸው?» ተብሎ ነውና።

ጸሐፊው ለዚሁ ነጥብ አውስትራሊያን በምሳሌነት አንሥተዋል። እውነት ነው፤ የአውስትራሊያ ፓርላማ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ያወጣው ሕግ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚናገረው ከ16 ዓመት በታች ስላሉ ልጆች ነው፤ 18 የሚለው ቁጥር በውስጡ የለም። ከዚህም በላይ ሕጉን የተላለፈ ሲገኝ የሚቀጡት ኩባንያዎቹ ሲሆኑ ልጁም ሆነ ወላጁ ቅጣት የለባቸውም። ይህን ልዩነት ጸሐፊው ቢያስተውሉት ኖሮ የጽሑፋቸው መንፈስ በተለወጠ ነበር እላለሁ። አውስትራሊያውያን «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ጣታቸውን የቀሰሩት መሣሪያውን በሠሩት ሰዎች ላይ ነው፤ እኛ ግን በልጁ ላይ ቀስረናል።

መሣሪያው እንዴት እንደተሠራ ልጆቹ ራሳቸው ቢያውቁ ከመንጠቅ ይልቅ ይጠቅማቸዋል። የላይክ ቁልፍ ፌስቡክ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ አሁን ክፍሌ ውስጥ ካሉት ልጆች አንዳንዶቹ የተወለዱት ከዚያ በኋላ በመሆኑ ሰው በቁጥር የማይመዘንበትን ጊዜ አያውቁትም። ጣት በሳበው ቁጥር ሌላ እየጨመረ የሚወርደውን ማለቂያ የሌለው ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የነደፈው አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ኋላ ላይ በሠራው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ይህን በክፍል ውስጥ ስነግራቸው አንድ ልጅ «ታዲያ እኔ ማቆም ያቃተኝ ደካማ ስለሆንሁ አይደለም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ለጥያቄው የሰጠሁት መልስ፣ ጉድጓዱ እንድትወድቅበት ሆኖ እንደተቆፈረ ማወቅህ ለመውጣት ከምታደርገው ትግል አያሳርፍህም፤ ነገር ግን በራስህ ላይ ከመፍረድ ያሳርፍሃል የሚል ነበር። ከዚያም ዳዊትን አነሣሁላቸው፤ አባቶቻችን ዳዊትን ለሰባቱ ዕለታት ከፍለው ሰጥተውናል፤ የዕለቱን ጸሎት የጨረሰ ሰው መጽሐፉን በማኅደሩ መልሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የተሰጠን ነገር ሁሉ መጨረሻ አለው፤ መጨረሻ የሌለው ነገር ሲገጥመን ልንጠረጥረው ይገባል አልኋቸው።

ስለ ጥናቶች ደግሞ፣ ጸሐፊው «ሳይንስ አረጋግጦታል» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከ350,000 በላይ የሚሆኑ ወጣቶችን መረጃ መርምረው የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም በወጣቶቹ ደኅንነት ላይ ከታየው ልዩነት ቢበዛ 0.4 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚያስረዳ ጽፈዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2021 የቀድሞ ሠራተኛዋ ፍራንሲስ ሃውገን ከፌስቡክ ኩባንያ ይዛ ከወጣቻቸው ሰነዶች መካከል አንዱ፣ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ይሰማቸው ከነበሩት ልጃገረዶች 32 በመቶ የሚሆኑት ኢንስታግራም ስሜቱን እንዳባሰባቸው መናገራቸውን ኩባንያው በራሱ ጥናት ደርሶበት እንደነበር ያሳያል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አይመስሉኝም። በጠቅላላው ሲታይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ አስቀድሞ የቆሰለ ልጅ ላይ ሲያርፍ ግን ብርቱ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ቁስሉ ከወዴት መጣ ብለን ነው።

እነዚህ ጥናቶች የውጭ አገር ልጆችን የሚመለከቱ ናቸው፤ የእኛን ለማወቅ የገዛ ደረጃችንን ወጥቶና ወርዶ ማየት ያስፈልጋል። አብዛኞቻችን ወደ ቱሉ ዲምቱ የመጣነው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶን ከመሐል ከተማ ለቅቀን ነው። እኔ ባደግሁበት ግቢ ሱቅ ተልኬ ስመለስ ቢያንስ ሦስት እናቶች ያዩኝ ነበር፤ አንዷ ጸጉሬ አለመበጠሩን ትናገራለች፣ ሌላዋ እንጀራ ታጎርሰኛለች፣ ሦስተኛዋ እናቴ መመለሷን ትጠይቀኛለች። እዚህ ብዙ እናቶች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው የአንበሳና የሸገር አውቶቡስ ሰልፍ ይይዛሉ፤ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ይቀመጣል፤ የጎረቤቱን ስም አያውቅም፣ ጎረቤቱም የእርሱን። እነዚህን አምስት ሰዓታት ልጁን የሚያየው ማን ነው? በስልኩ ውስጥ ግን ቢያንስ አንድ ሰው አይቶት ያለፈ መሆኑን የሚነግረው ቁጥር አለ። ይህን ሁሉ ሳይነኩ ስልኩን ብቻ መንጠቅ በጨለማ ቤት ውስጥ ያለችውን አንዲት ኩራዝ፣ ጭስ አላት ብሎ ማጥፋት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ባለፈው ቃና ዘገሊላ ታቦተ ሚካኤልን ሸኝተን ስንመለስ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪዬን ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ከአክስቷ የተዋሰችውን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ስልኳን ታያለች። አጠገቧ ስቀመጥ ልትደብቀው ሞከረች፤ ቆይታ ግን አሳየችኝ። በከተራው ዕለት 38 ፎቶ ተነሥታ 37ቱን አጥፍታለች። የቀረችውን አንዷን በፊልተር ቆዳዋን አቅልታ፣ አፍንጫዋን አሹላ ለጥፋታለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ 14 ላይክ አገኘች፤ አብራት የተነሣችው ጓደኛዋ ግን ከ300 በላይ። በዚህ ጊዜ ፎቶውን ከገጿ አጠፋችው። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ከአፌ ሊወጣ የነበረው «ታቦት ሸኝተሽ እየመጣሽ ስለ ፎቶ ታስቢያለሽ?» የሚል ተግሣጽ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእኔ በፊት እርሷ ተናገረች፦ «እትዬ፣ ይኼ እኮ የእኔ ፊት አይደለም። የእኔን ፊት ብለጥፈውማ 14ም አላገኝም ነበር።»

ጸሐፊው ይህችን ልጅ ትዕቢተኛ ይሏታል። ትዕቢት ማለት የራስን ከሌላው ማስበለጥ ነው፤ ይህች ልጅ ግን የገዛ ፊቷን አሳልፋ ሰጥታ፣ በምትኩ በተቀበለችው ፊት እንኳ ሳይሳካላት የቀረች ናት። ትዕቢተኛ ሰው የማንንም ምስክርነት አይሻም፤ እርሷ ግን በ14 ሰዎች ምስክርነት ተለክታ ቀለለች። የጥንት ገዳማውያን አባቶች ክፉ አሳቦችን ሲዘረዝሩ ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን ለየብቻ ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሁለቱ ሕመም የተለያየ ስለሆነ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ውዳሴ ከንቱ ሲያስተምር ነገሩን ከልጆች አስተዳደግ ጋር አያይዞ ለወላጆች የተናገረው መሆኑን ማስታወስም ይጠቅማል፤ ልጅ የሰውን ጭብጨባ እንዲራብ የሚለምደው በመጀመሪያ ከእኛ ቤት ነውና። ልጃችንን ለእንግዳ ስናስተዋውቅ «ይኼኛው አንደኛ ነው የሚወጣው» የምንል እኛ፣ ላይክ ሲቆጥር ስናየው ለምን እንደነቃለን?

እንዲህ ላለች ልጅ ራስሽን ናቂ ብሎ ማስተማር የተራበን ሰው ጹም እንደ ማለት ይሆንብኛል። ራስን መናቅ የመነኮሳት መንገድ ነው፤ እነርሱም ወደዚያ የሚደርሱት ለዓመታት በአበምኔት ሥር ሆነው፣ የሚወዳቸው አምላክ እንዳላቸው በሚገባ ካወቁ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ልጆች 7 ዓመት ሳይሞላቸው ጹሙ አትልም፤ ለአቅማቸው የማይመጥን ቀንበር እንዳትጭንባቸው ትጠነቀቃለች። መስተዋት ባየች ቁጥር የምታለቅስን ልጅ ራስሽን ናቂ ማለት ይህን ጥንቃቄ መርሳት ነው፤ ያስተማርናት መስሎን የጠላትን ድምፅ በቤተ ክርስቲያን ድምጽ ማጉያ እናሰማታለን።

ከዚያ ቀን በኋላ በክፍሌ ያደረግሁትን ልናገር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት ሰጥቼ በግራ በኩል በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም የሚጠራበትን ስም፣ በቀኝ በኩል ስመ ክርስትናውን እንዲጽፍ ጠየቅሁ። ግራው ወዲያው ሞላ። ቀኙ ግን ብዙ ባዶ ቦታ ነበረው፤ ከአምስት የማያንሱ ልጆች ስመ ክርስትናቸውን ጨርሶ አያውቁትም ነበር። ቤት ሄደው እንዲጠይቁ አደረግሁ፤ አንዲት እናት ራሷ ረስታው ኖሮ ለልጇ የክርስትና እናት ስልክ ደውላ እንደ ጠየቀች ነግራኛለች። በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ይዘው መጡና ትርጉሙን በየተራ ተነጋገርንበት፤ ወለተ ሥላሴ ማለት የሥላሴ ልጅ ማለት ነው፣ ኃይለ ሚካኤል የሚካኤል ኃይል ማለት ነው፣ እያልን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው፦ «ይህን ስም ሲሰጧችሁ ምን ሠርታችሁ ነበር?» ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ነው የተጠመቀችው፤ ከማልቀስና ጡት ከመጥባት በቀር የሠሩት ነገር አልነበረም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ባለ 14 ላይኳ ልጅ ወረቀቷን አጥፋ ከስልኳ መሸፈኛ ጀርባ አስገባችው፤ አሁንም እዚያው እንዳለ አይቻለሁ። ፎቶ መለጠፍ አቁማለች አልልም፤ አላቆመችም። በዚህ ዓመት የለጠፈችው ፊት ግን የራሷ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ «የራስ ዋጋ» የሚለው ነገር የባዕድ ትምህርት ነው የሚል ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። «አንተ ምርጥ ነህ፣ ማንም አይበልጥህም» እያሉ ልጅን መካብ እኔም የማልወደው ነገር ነው፤ ልጁ ራሱ እውነት አለመሆኑን ያውቀዋልና ያ ዓይነቱ ውዳሴ ከላይክ የሚለየው በቃል መነገሩ ብቻ ነው። ሆኖም ስለ ዋጋ መናገር የባዕድ ነው ካልን ቅዱስ ጳውሎስን ምን ልንለው ነው? ለቆሮንቶስ ሰዎች በዋጋ የተገዛችሁ ናችሁ ብሎ የጻፈው እርሱ ነው። ይህን ለልጆች ማስረዳት ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ገበያ የሚላኩ ልጆች ናቸውና የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚታወቀው ገዢው በከፈለው መሆኑን ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። በልጁ ላይ ዋጋ የሚለጥፈው አይቶት ያለፈ መንገደኛ ከሆነ ዋጋው በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን አንድ ጊዜ ከፍሎ ጨርሷል።

ለዚህ ትምህርት ከጥምቀት የተሻለ በዓል የለንም፤ ልጆቻችን በዓመት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ፎቶ የሚነሡበት በዓልም እርሱ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዮርዳኖስ ከሰማይ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ጌታ ገና አንድ ተአምር አላደረገም፣ አንድ ደቀ መዝሙር አልጠራም፣ በተራራ ላይ አላስተማረም። አባቱ በእርሱ ደስ መሰኘቱን የመሰከረለት ከሥራው በፊት ነው። ከዚያ ወደ ምድረ በዳው፣ ወደ ገዳመ ቆሮንቶስ፣ ሄደ፤ ጠላት እዚያ የመጣው «የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንህ» ብሎ ያንኑ ድምፅ በመጠራጠር ነበር። አንዱ ፈተና ደግሞ ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር የሚል ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ስናነብ ልጆቹ ራሳቸው «ይኼማ ቻሌንጅ ነው» አሉ፤ ሰዎች እያዩ ከከፍታ ላይ ዘልለው ቪው የሚሰበስቡ ልጆችን አይተዋልና። ጌታ እንቢ ያለው ሰዎች እንዳያዩት ስለፈራ አልነበረም፤ ማንነቱን በትዕይንት ማስመስከር ስላላስፈለገው ነው። አንድ ልጅ ይህን ከተረዳ በሚቀጥለው ጥምቀት ፎቶ ቢነሣም ባይነሣም ግድ የለኝም።

አራተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል፤ አደገኛነቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የሚተክዝ ልጅ ጸሎት የጎደለው ከሆነ ነቢዩ ኤልያስ ምን ጎድሎት ነበር? በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለምኗል። እግዚአብሔር ጸሎት አንሶሃል አላለውም፤ አስተኛው፣ መልአኩ ቀሰቀሰውና እንጎቻ አበላው፣ ውኃም አጠጣው፣ ደግሞም መልሶ አስተኛው። የተነጋገሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣ ወይም ከአልጋ መነሣት የተሳነው፣ ምግብ የጠላ፣ ከጓደኞቹ የተለየ፣ ወይም ከዚህም አልፎ መሞት እፈልጋለሁ ያለ ልጅ ካለ፣ ወላጆች ወደ ንስሐ አባታቸው ብቻ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያም ይውሰዱት። አማኑኤል ሆስፒታል የሚለውን ስም ሰው እንዳይሰማብን የምንፈራው ነገር ልጅ ማጣትን ያህል አያስፈራም። ቤተ ክርስቲያናችን ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም ስትል አዲስ ነገር አይደለም፤ በአቡነ ጳውሎስ ዘመን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ቅዱስነታቸው በግልጽ ተናግረዋል። ለሥጋ ያልነውን ለተጨነቀ አእምሮም ልንለው ይገባል።

በመጨረሻ የቀረበው መፍትሔ ልጆች መንፈሳዊ ገጾችን ብቻ እንዲከታተሉ የሚል ነው። ጥሩ ስብከትና መዝሙር በስልክ መገኘቱ እኔንም የጠቀመኝ በረከት ነው። ነገር ግን ገጹ መንፈሳዊ ሆነ ማለት የሚሄድበት መንኮራኩር ተለወጠ ማለት አይደለም። በክፍሌ ያለ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ለሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቶ ነበር፤ ምክንያቱን ስጠይቀው አንድ ሥዕል ያለበት ልጥፍ አይቶ «አሜን ሳትል እንዳታልፍ፣ ለ10 ሰው ካላደረስህ በቤትህ ክፉ ነገር ይሆናል» የሚለውን አንብቦ ለሰባት ሰው ብቻ በመላኩ እናቱ ትሞትብኛለች ብሎ ፈርቶ ነው። ገጹ ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ተከታይ አለው። ለዚህ ልጅ አምላኩ ላይክ እንደሚቆጥር ያስተማረው ዓለም አልነበረም፤ በቅድስት ሥዕል የተሸፈነ ገጽ ነው።

እኛስ? የመዝሙር ምሽት ሲዘጋጅ ዘማሪው የሚተዋወቀው በዩቲዩብ ባገኘው ቪው ብዛት ነው። በማኅሌት ሌሊት ከአገልጋዮቹ መካከል አንዱ ጸናጽሉን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ ሲቀርጽ ልጆቻችን ያዩታል። ምጽዋት ሰጥተን ፎቶ እንነሣለን፤ ፎቶ ላይ የሚታየው የተቸገረው ሰው ፊት እንጂ የእኛ እፍረት አይደለም። ጌታ ስትጸልይ ደጅህን ዘግተህ ጸልይ፣ ስትመጸውትም ግራህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ ያለው ትምህርት ለልጆቻችን እንግዳ የሆነባቸው ከእኛ ስላላዩት ነው። ስለዚህ ልጆቹን የትኛውን ገጽ ትከታተላላችሁ ከማለታችን በፊት አጥቢያችን ራሱ ማኅሌትና ቅዳሴ በሚደርስበት ጊዜ የግል ስልክ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ቢወስን፣ ቀረጻ ካስፈለገም ለአንድ ሰው ብቻ ቢፈቀድ ብዬ ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ የምስማማበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሌሊት ስልክ ከልጅ መኝታ ክፍል መውጣት አለበት የሚለው ነው። እርሳቸው በአንድ መስመር ጠቅሰው አልፈውታል፤ እኔ ብሆን ኖሮ ከአምስቱም ነጥቦች አስቀድሜ እጽፈው ነበር። በቤቴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኮች ሁሉ፣ የእኔና የባለቤቴም ጭምር፣ ሳሎን ካለው ቡፌ ላይ ይቀመጣሉ። የወላጅ ስልክ አብሮ ካልተቀመጠ ደንቡ ሳምንት አይሞላውም። በዚሁ አጋጣሚ በኢንስታግራም የላይክ ቁጥር እንዳይታይ ማድረግ የሚቻል መሆኑን ብዙ ወላጆች አያውቁም፤ ኩባንያው ይህን ምርጫ ለተጠቃሚዎች የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን ከልጁ ጋር አብሮ ተቀምጦ ለማስተካከል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አብሮ መቀመጡ ከማስተካከሉ የበለጠ ጥቅም ያለው ይመስለኛል።

ለጸሐፊው ወንድማችን አንድ ልመና አለኝ። ከቀሩት አራት ልጆች ሁለቱን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ እነርሱም አልተመለሱም። ወረቀቱን የጻፉት እርሳቸው በመሆናቸው ከእኔ ይልቅ የእርሳቸው እግር በደጃቸው ቢታይ ልጆቹ ይሰሙታል። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ብሎክ ላይ ነው፤ የቀሩት ሁለቱም ሩቅ አይደሉም። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በ4 ሰዓት ገደማ፣ ከአዳራሹ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ።